ስንት ናችሁ?

ቦሌ ሚካኤል ቤት ልከራይ ብሎ ለሄደ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ብር አለህ?» አይደለም። ብሩንማ ጫማህን አይተው ይገምቱታል። ጥያቄው «ስንት ናችሁ?» ነው። አንደኛ ክፍል የምንማረው ዓይነት ቀላል ሒሳብ ይመስላል። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤቴን ሒሳብ በየዓመቱ ሰኔ 30 ሳንቲም ሳላጎድል እዘጋለሁ። ይቺ አንዲት ጥያቄ ግን ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ፣ አልዘጋ ብላኛለች።

ደላላውን ያገኘሁት አደባባዩን አለፍ ብሎ ከአንዲት ጀበና ቡና ሻጭ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ሦስት ስልክ ነበረው። በአንደኛው በሶማሊኛ «ሀየ፣ ሀየ» ይላል፤ በሁለተኛው በትግርኛ አንዲት ሴት ያባብላል፤ በሦስተኛው በኦሮምኛ ዕቃ የሚያወርዱ ልጆች ይጠራል። ከእኔ ጋር ደግሞ በአማርኛ ይዋሻል። በአንዱ ቋንቋ እውነት መናገር ያቃተን ስንቶቻችን ነን፣ እሱ በአራቱም መዋሸት ችሏል። ቤቱን ሊያሳየኝ ደረጃ ስንወጣ ክንዴን ያዝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«ስንት ናችሁ ሲሉህ ሁለት በል» አለኝ።

«ለምን?»

«አንድ ካልክ ላጤ ነው፣ ሴት ያመላልሳል ይላሉ። ሦስት ካልክ ልጅ አላቸው፣ ግድግዳ ያበላሻሉ ይላሉ። አራት ካልክ ውሃው አያደርሰንም ይላሉ። ሁለት ጥሩ ቁጥር ነው። ሁለት ሰው ምን ያህል ይጠጣል?»

«የሚስቴ እህት ግን ከእኛው ጋር ናት።»

«እሷ እንግዳ ናት።»

«እናቴም ከደሴ ለጠበል ልትመጣ…»

«እናት ደግሞ ትቆጠራለች እንዴ!» ብሎ እንደ ነውረኛ አየኝ።

ሁለት ነን አልን።

አከራያችንን ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ነው የሚላቸው። ባለ ሦስት ፎቁን ሕንፃ ጡብ በጡብ ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ የሚኖሩት ግን ግቢው ጥግ ላይ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። በአዲስ አበባ የቤት ባለቤት ማለት ይኸው ነው፤ ሰፊውን አከራይቶ ጠባቡ ውስጥ ሆኖ የሰፊውን በር ይጠብቃል። ከጣሪያው ላይ ለአራተኛ ፎቅ የተተዉ ፌሮዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ለልጄ ነው» ይላሉ ስለ አራተኛው ፎቅ ሲጠየቁ። ሦስተኛውም፣ ሁለተኛውም ለልጃቸው ነበር።

እቴቴ ሁለተኛ ጥያቄም አላቸው፤ «ዘመድ የት አለህ?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ ያስተማራቸው ሰፈሩ ነው። ጥር 1983 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ከሞቃዲሾ ከተሰደዱት ቦሌ ሚካኤልን ቤታችን ያሉ ብዙ ናቸው፤ በላያቸው ላይ ከጅጅጋ ለንግድ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና የሚመጣው የራሳችን ሶማሌ ተጨመረ። በ2002 ደግሞ የሚረዳው ዘመድ ያለው ኤርትራዊ ስደተኛ ከካምፕ ውጭ መኖር ይችላል ተባለ። ሐምሌ 2010 የአሥመራ በረራ ሲከፈት ሌላውም በአውሮፕላን መጣ። ታዲያ እዚህ ሰፈር ግማሹ ሰው ወይ ከውጭ ብር ይላክለታል፣ ወይ «ፕሮሰስ ላይ ነው»። ፕሮሰስ ማለት አንድ እግር ቦሌ ሚካኤል፣ አንድ እግር ቦሌ ኤርፖርት ማለት ነው። አንደኛ ፎቅ ያለችው ተከራይ ለእቴቴ «ሚኒሶታ» ብላ መለሰች አሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት «ስቶክሆልም» አሉ። እኔ «ደሴ» አልኩ። የእቴቴ ፊት ሲቀዘቅዝ አየሁት።

ውል ተዋዋልን። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥሩም 1320፣ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ተመዝገቡ ይላል። እቴቴ ይህን ሲሰሙ «ሁለት ዓመት! ጠባይህን ሳላውቅ? ሰው እንኳ ሊጋባ ሲል ታጭቶ ይከርማል» አሉ። ወረዳ ሄደን ዋጋው ተጻፈ፣ ዘመኑ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታ። እዚያ ስንት ናችሁ ያለን የለም። (ዋጋውን እዚህ አልናገርም። ለእናቴ የነገርናት የእውነተኛውን ግማሽ ነው፤ እሱንም ሰምታ እራት አልበላችም።)

ወረቀት ላይ ሲፈርሙ የእቴቴ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርጅና መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ነው ነገሩን የነገሩኝ። አባታቸው ሁለት ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። የአባታቸው አንዱ ቤት ለቀበሌ ሆነ። «አባቴ የዋህ ነበር፤ ስንት ቤት አለዎት ሲሉት ሁለት ብሎ አስመዘገበ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እቴቴ ቁጥር በወረቀት አይወዱም። በቃል ግን ከእሳቸው የባሰ ቆጣሪ የለም።

አማርኛ መቼም ብልህ ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለውን የመብራት መሣሪያና ሰው የሚቆጥረውን ሰው በአንድ ስም «ቆጣሪ» ብሎ ጠርቷቸዋል። በግቢያችን ሁለቱም አሉ። የግድግዳው ቆጣሪ አንድ ነው፤ ሱቁም፣ ሦስቱም ፎቅ፣ ሰርቪሱም ከእሱ ነው የሚጠባው። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። ትንሽ የተጠቀመ በርካሹ ይከፍላል፤ በበዛ ቁጥር የአንዱም ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየናረ ይሄዳል። ለድሃ ታስቦ ነው፣ መልካም ነገር ነው። ግን አምስት ቤት አንድ ቆጣሪ ላይ ሲሰፍር ቆጣሪው አምስት መሆናችንን በምን ይወቅ? አንድ አምስት ምጣድ የሚጥድ ሆዳም ቤተሰብ የገባበት ይመስለዋል። ውሃውም እንዲሁ ነው። በፈረቃ ይመጣል፣ እሱም ደስ ባለው ሌሊት፤ ዲናሞው ወደ ሮቶ ይገፋዋል፤ ዲናሞው መብራት ይበላል፤ መብራቱ ከፍተኛው እርከን ላይ ነው። ወር ሲያልቅ ደረሰኙ ይመጣና «በሰው ይካፈል» ይባላል።

በሰው ለማካፈል ደግሞ ሰውን መቁጠር ያስፈልጋል። እቴቴ ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን የሰሙ ዕለት ሾሙኝ። ባለ ሁለት እግሩ ቆጣሪ ሆንኩ።

ደብተር ገዛሁና ከታች ጀመርኩ። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ከጉራጌ አገር የመጣ ትጉህ ልጅ ነው። «ስንት ናችሁ?» ብለው «አንድ» አለኝ። ሱቁ ውስጥ፣ ከዘይትና ከፓስታው በላይ ቆጥ አለች። አንድ ሌሊት ሻማ ልገዛ ሳንኳኳ ከቆጡ ላይ አራት ጥንድ ዓይን አየኝ። «የወንድሜ ልጆች ናቸው፣ ቀን ትምህርት ቤት ናቸው፣ ውሃ አይጠጡም» አለኝ።

አንደኛ ፎቅ ያለችው ሁዮ ናት። ሁዮ በሶማሊኛ እማዬ ማለት ነው፤ ልጆቿ ሲጠሯት ሰምተን እኛም ሁዮ አልናት፣ ተቀበለችን። መጀመሪያ ላይ በወግ «እርስዎ» ብላት ዞር ብላ ኋላዋን አየች። «ማነው ሌላው?» አለች። እውነቷን ነው። የእኛ ቋንቋ ሰውን ሲያከብር ያበዛዋል። ትንሹ ልጇ አማርኛ በለመደ ሰሞን «እቴቴ መጡ» ብለው «ከማን ጋር?» ብሎኛል። እንግዲህ አንዲትን አሮጊት «መጡ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ» የሚል ሕዝብ ነው ሰው ልቁጠር ብሎ የተነሣው።

ሁዮ ስትከራይ አምስት ነን ብላ ነበር። አምስቱ አሉ። ከጅጅጋ ዓይኗን ልትታከም የመጣች አክስት አለች። አክስቷን ያመጣ ልጅ አለ። ልጁ ብቻውን እንዳይሆን አብሮት የመጣ አለ። ማታ ማታ ደግሞ ሻሂ ሊጠጡ መጥተው ሻሂው ጣፍጧቸው የሚያድሩ አሉ። «ይሄስ ማነው?» ስላት «ወላል» ትለኛለች፤ «ይቺስ?» «ወላል»። ወላል ለወንድምም ለእህትም ነው፣ ደጅ ላይ ለተዋወቁት ሰውም ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ኤርትራውያኑን ሴቶች ስጠይቅ «ሓፍተይ እያ» ይሉኛል፤ እህቴ ናት። ሁለት እህትማማች ነን ብለው ነው የገቡት፤ ሁልጊዜ አራት ናቸው። አንዷ ፕሮሰሷ አልቆ ካናዳ ስትሸኝ በሳምንቱ ሌላ ሓፍተይ ሻንጣ ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። ሁለት ነን ማለታቸውን ውሸት ነው ለማለት ይቸግረኛል፤ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ብቻ ነው የማይታወቀው። እኔስ ብሆን? የአጎቴን ልጅ «ወንድሜ» ብዬ እንጂ ሌላ በምን ልጥራው።

ሁለተኛ ፎቅ እኔው ነኝ። ሚስቴ አለች። እህቷ አለች። እናቴ እንጦጦ ማርያም የሰባት ቀን ሱባዔ ልትይዝ መጣች፤ ሱባዔው አልቋል፣ እናቴ አላለቀችም። ደብተሩን ከፍቼ ብዙ አሰብኩ። ከዚያ የሌላውን ሁሉ ጓዳ የበረበረ እጄ ሳይንቀጠቀጥ «ሁለተኛ ፎቅ፦ 2» ብሎ ጻፈ።

የመጀመሪያው ወር ድምር 10 ወጣ፤ አንድ፣ አምስት፣ ሁለት፣ ሁለት። እቴቴ ደረሰኙን አዩት፣ ደብተሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አሥር ሰው ይሄን ሁሉ ውሃ ከጠጣ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ዘዴ አመጡ፤ ጫማ። በግቢያችን ሁሉም ጫማውን በር ላይ ነው የሚያወልቀው፤ እኛም ወለሉ እንዳይቆሽሽ ስንል ለምደነዋል። እቴቴ ከማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ነጠላቸውን ተከናንበው በየፎቁ ይወጣሉ፤ ጫማ ቆጥረው ለሁለት ያካፍላሉ። «አንደኛ ፎቅ ዘጠኝ ተኩል» ብለው ይነግሩኛል። ተኩሉን ስጠይቅ «አንድ እግር ነው ያየሁት፤ ሌላውን ውሻ ወስዶታል ወይ ደብቀውታል» አሉ።

ወሬው ተሰማ። በሳምንቱ በሕንፃው በሙሉ በባዶ እግሩ የሚሄድ ቤተሰብ የሰፈረ ይመስል ደጅ ላይ አንድም ጫማ ጠፋ። እቴቴ ወደ ጣሪያ ወጥተው ስጥ ልብስ መቁጠር ጀመሩ። ኤርትራውያኑ ሴቶች ልብሳቸውን ማታ ማታ ሳሎን ማስጣት ጀመሩ። ሁዮ ደግሞ በግልጽ መጣችና በልጅ ጉዳይ ክስ አቀረበች፤ ልጅ እንደ አዋቂ እንዴት ይከፍላል? ተሰብስበን ተከራክረን ልጅ ግማሽ ነው ተባለ። እስከ ስንት ዓመቱ? እስከ አሥራ ሁለት። ሁዮ ወንድ ልጇን ጠርታ አሥራ አንድ ነው አለች። ልጁ ከእኔ ይረዝማል፤ ጺም ብጤ ጀምሮታል። ሁላችንም ጺሙን እያየን ዝም አልን። ግማሽ ተብሎ ተጻፈ።

ይኸው ልጅ ነው አንድ ማታ የገረመኝ። ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን «እስቲ ስንት ናችሁ?» ብለው ሊያሾፍብኝ ይሁን ሊያስተምረኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የአባቶቹን ስም መጥራት ጀመረ። የእሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን፣ እያለ ሃያ አለፈ። ሶማሌዎች አብቲርሲ ይሉታል፤ ልጅ ከፊደል በፊት የሚማረው ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆየችና «እኛም እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ያኔ ነው ጋብቻ የሚፈቀደው» አለች፤ የእኔን ሰባት ቤት ያለ አንድ ስህተት ደረደረችለት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰባት ብቻ ስለሆነ ያዘነላት መሰለኝ። እኔ ደብተሬን ይዤ መሀላቸው ተቀምጫለሁ። ሁለቱም ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈውን ሰው አንድ ሳይስቱ ቆጠሩ። ዛሬ ማታ ቤታቸው የሚተኛው ስንት እንደሆነ ብጠይቃቸው ግን ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያዩት።

እናቴ ደብተሩን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን አስቆጥሮ ሦስት ቀን ቸነፈር ወረደበት ትላለች። ይህን ለእቴቴ ብነግራቸው «ዳዊት የመብራት አይከፍልም ነበር» አሉኝ። እኔ ግን የመንግሥትንም ችግር ያወቅሁት ያኔ ነው። ኢትዮጵያ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1976፣ በ1987ና በ1999 ነው። አራተኛው ቆጠራ ታብሌት ሳይቀር ተገዝቶለት ሲራዘም፣ እንደገና ሲራዘም ቆይቷል። ድሮ ይህን ሳነብ እበሳጭ ነበር። አሁን አምስት ደጅ ቆጥሬ ስላልሆነልኝ አልፈርድም።

እናቴ በይፋ የታወቀችው በ2017 ጾም ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገጠሙ፤ ሕንፃው በሙሉ ቀኑን ሙሉ ጸጥ አለ። ሽታ የሚነሣው ፀሐይ ስትገባ ነው። ሁዮ የመጀመሪያውን ማታ ሳምቡሳ ላከችልን፣ በሥጋ። እናቴ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ መመለስ ነውር፣ መብላት ኃጢአት። ለባለሱቁ የወንድም ልጆች ተሰጠ (ያኔ አራት እንዳልሆኑ፣ አምስት እንደሆኑ ታወቀ)። በማግስቱ እናቴ ራሷ ወረደች። ወሎዬ ናት፤ ጾምም ጸሎትም ከእስላም ጎረቤት ጋር ተካፍላ ነው ያደገችው። ምን ብላ እንዳስረዳቻት አላውቅም፤ እሷ ሶማሊኛ አትችል፣ ሁዮ አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም። ብቻ ከዚያ ማታ ጀምሮ ለእኛ የሚመጣው ሳምቡሳ የምስር ሆነ። እናቴም ቡና ታፈላለች፤ ሁዮ አፍጥራ ትወጣለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሽታው ስቧቸው ይወርዳሉ። አቦሉ ላይ እንስማማለን። ሁለተኛውን እኛ ቶና ስንል እነሱ ካልኣይ ይላሉ። ሦስተኛው ሲቀዳ ሁሉም በረካ አለ፤ ሁዮም «ባራኮ» ብላ ተቀበለች። እናቴ በሁዮ ሻሂ ላይ ያላትን አስተያየት ግን አልደብቅም፤ «ወጥ ነው ያቀመሰችኝ» ብላኛለች፣ ሁለተኛ ብርጭቆ እየተቀበለች።

እቴቴ በዚያው በቡናው ሰዓት መጡ። ዕጣኑን ተከትለው ነው። በሩ ላይ ቆመው አዩን፤ እናቴን አዩ፣ የሚስቴን እህት አዩ፣ አራቱን ሓፍተይ፣ የጅጅጋዋን አክስት፣ ግማሹን ባለ ጺም። ፊታቸው ላይ ሰፊ ሒሳብ ሲሠራ አየሁ። ልቤ ቀጥ አለ። እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ይግቡ እንጂ እመቤቴ፣ ኖር! ምነው ብቻዎን?» አለቻቸው። እቴቴ ተቀመጡ። በረካውን ጠጡ። ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እናትህን ቁጠራት» አሉኝ፤ ትንሽ አሰቡና «ግማሽ አድርጋት» አሉ።

አዲስ ዙር ቆጠራ ተወሰነ፤ በእውነት፣ ሁሉም ሳይደብቅ። ሁሉም ነገረኝ፤ እኔም ነገርኳቸው። ድምሩ 23 ተኩል ወጣ። ደረሰኙን አካፈልኩት። አሁንም ውሃው አይገጥምም። ሮቶው ሌሊት ሞልቶ ማለዳ ጎድሎ ይገኛል። እቴቴን ራሳቸውን ጠየቅሁ፤ «እኔ? አንድ» አሉ ቆጣ ብለው፤ ዘበኛቸውንና የልጅ ልጃቸውን ረስተው ነው፣ ጨመርናቸው። አሁንም አልገጠመም።

ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ውሃው በፈረቃው መጣና ዲናሞ ላስነሣ ተነሣሁ። አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቀና አልኩ፤ በመብራቱ ከፌሮዎቹ መሀል ያለችውን የዕቃ ቤት አየኋት። ጭላንጭል አላት። ወጣሁ። ከሮቶው ሥር አንድ ሰው ባኞ ውስጥ እግሩን ነክሮ ፊቱን ሳሙና አስመትቶ ይታጠባል። አጠገቡ፣ እርጥብ እንዳይነካቸው ላስቲክ ላይ፣ ሦስት ስልክ ተደርድሯል።

ደላላው ዓይኑን ገልጦ አየኝ። እኔም አየሁት። ደብተሩ በእጄ ነበር።

«ስንት ናችሁ?» አልኩት።

«አንድ ነኝ» አለ ቶሎ ብሎ።

ከዕቃ ቤቷ በር ጀርባ ሰው አስነጠሰ። ወንድ ይሁን ሴት ስላልለየሁት «ይማራችሁ» አልኩና ደብተሬ ላይ «ጣሪያ፦ 1» ብዬ ጻፍኩ።